የሩፔል ቆዳዎች፦ ከሰሜን ተራሮች እስከ ፍራንክፈርት

በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው ስለ አንድ ጀርመናዊ ነው። ስሙ ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል። ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችሁት አታውቁ ይሆናል፤ ሥራውን ግን ታውቁታላችሁ። የብሔራዊ ቡድናችንን ማሊያ ለብሳችሁ ዋልያዎቹ እያላችሁ የጮኻችሁ ሁሉ፣ ያ እንስሳ በዓለም የሳይንስ መዝገብ ውስጥ በዚሁ በአማርኛ ስሙ የተጻፈው በእሱ እጅ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ አንድ የበግ ቆዳ ልናዘዝ።

ባለፈው ፋሲካ ቤተሰቤ ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ከሚኖር ገበሬ አንድ ሙሉ በግ ገዛ። በጉ በሕጋዊ ቄራ ታርዶ ሥጋው ሲመጣ፣ እኔ ቆዳውንም አምጡልኝ ብዬ ነበር። አጎዛ ልሠራበት አስቤ ነው። ልጅ ሆኜ ደባርቅ አያቴ ዘንድ ስንሄድ የምተኛበት ነጭ አጎዛ እስካሁን ከእግሬ ሥር ያለ ይመስለኛል። ቆዳው መጣ። እኔ ደግሞ በማግስቱ ፈተና ነበረብኝ። በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት አሰርኩትና በረንዳ ላይ ተውኩት፤ የሚያዝያ ብርድ ይጠብቀዋል ብዬ። ብርዱ አልነበረም ችግሩ። ቀን ቀን ፀሐይ በረንዳውን ስትመታው ጥቁሩ ፕላስቲክ እንደ ምጣድ ይግል ነበር። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ። ፀጉሩን ሳብ ሳደርገው እፍኝ ሙሉ በእጄ ላይ ቀረ።

ለአያቴ ደውዬ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ደግሞ እንደ ጸሎት የሸመደደችውን ዘረዘረችልኝ። ቆዳ ከእንስሳው ላይ ሲወጣ ገና ትኩስ ነው፤ ስለዚህ ወዲያው ተዘርግቶ መቀዝቀዝ አለበት። የተረፈ ሥጋና ስብ በቢላ ተፍቆ ይወጣል። በሥጋው በኩል ጨው ይነሰነስበታል። ከዚያ በጥላ ቦታ በችካል ተወጥሮ ይደርቃል፤ ፀሐይ ከመታው ይኮማተራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አይታፈንም። እኔ ያደረግኩት በሙሉ የዚህ ተቃራኒ ነበር።

የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ነገሩ ይበልጥ አሳፈረኝ። ምክንያቱም ይህን ትምህርት ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ለረጅም ጊዜ የተኛ ሕመምተኛ ቆዳ የሚጎዳው ጫናው ላይ እርጥበትና ሙቀት ሲጨመሩበት፣ የሚያይለትም ሰው ሲዘገይ ነው። የሞተ ቆዳም ጠላቶቹ እነዚያው እርጥበት፣ ሙቀትና ጊዜ ናቸው። እንስሳው ሲሞት በቆዳው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አብረው አይሞቱም፤ እንዲያውም የሚከለክላቸው ያጣሉ። የላይኛው የቆዳ ሽፋን ከሥረኛው ይላቀቃል፣ ፀጉሩም ከነሥሩ ይለቃል። አንዴ ከለቀቀ የሚመልሰው የለም። ጨው የሚሠራው ውኃውን ከቆዳው መጥጦ ባክቴሪያ የሚኖርበትን እርጥበት በማሳጣት ነው።

ከዚያ በኋላ ቆዳ ማቆየት የሚባለው ጉዳይ አልለቀቀኝም። ስዊድን ያደጋችሁ የግሪፕስሆልምን አንበሳ ታስታውሱታላችሁ። በ1731 የአልጀርስ ገዥ ለንጉሥ ፍሬድሪክ ቀዳማዊ የላከው አንበሳ ነው። እዚሁ ስቶክሆልም ዩርጎርደን ደሴት ላይ ሲጠበቅ ኖሮ ሞተ። ቆየት ብሎ ቆዳውና አጥንቱ በድን እንስሳ ለሚያቆም ባለሙያ ተሰጠ ይባላል፤ ሰውዬው ደግሞ አንበሳ በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር ይላሉ። ውጤቱ ዛሬም ግሪፕስሆልም ቤተ መንግሥት ውስጥ አለ። ዓይኖቹ አንድ ላይ የተጠጋጉ፣ ጥርሶቹ እንደ ሰው የተደረደሩ፣ ምላሱ የተንጠለጠለ አንበሳ ነው። ዓለም በሙሉ ይስቅበታል። እኔም በትምህርት ቤት ጉዞ ሳየው ስቄበታለሁ። አሁን ሳስበው ግን ጥፋቱ የዚያ ባለሙያ ብቻ አልነበረም። ቆዳው ከእንስሳው ላይ ሲወጣ ከዓይን እስከ አፍንጫ ስንት እንደሆነ፣ አንገቱ ምን ያህል እንደሚወፍር የለካና የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ አንበሳው አንበሳ ይመስል ነበር። ሥራው የሚበላሸው ወይም የሚድነው ሙዚየም ውስጥ ሳይሆን ገና ሜዳ ላይ ነው።

ታዲያ ይህን ሥራ ሜዳ ላይ በትክክል የሠራ፣ ያውም በአገራችን የሠራ ሰው ማነው ብዬ ስፈልግ ነው ሩፔልን ያገኘሁት።

ኤድዋርድ ሩፔል የተወለደው ኅዳር 20 ቀን 1794 በፍራንክፈርት ከተማ ነው። አባቱ ሀብታም የባንክ ባለቤት ስለነበር ልጁም ነጋዴ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በ1817 ግብፅንና ሲናን ሲጎበኝ ግን ልቡ ወደ ሌላ ሄደ። ተራራው፣ አሸዋው፣ ወፉ፣ ዓሣው ከሒሳብ መዝገብ በለጠበት። ወደ አውሮፓ ተመልሶ በጣሊያን አገር በፓቪያና በጄኖቫ የእንስሳትና የዕፅዋት ትምህርት ተከታተለ፤ ከዋክብትን እያየ የቦታን አቀማመጥ መለየትም ተማረ። በዚያው በ1817 የፍራንክፈርት ሰዎች የሴንከንበርግን የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር መሥርተው ነበር። ማኅበሩ የተሰየመው ለከተማው ሕዝብ ሆስፒታል ርስቱን በሰጠ ሐኪም ስም ነው። ሩፔል ማኅበሩን ተቀላቀለ። ከዚያ በኋላ የወረሰውን ሀብት ለጉዞ አዋለው፤ የሰበሰበውንም ለማኅበሩ ሙዚየም ሰጠ። በወላጆቻችን ቋንቋ ብንናገር፣ የተዘጋጀለትን ሥራ ትቶ አውሬ ሊያሳድድ የሄደ ልጅ ነው። በእኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይላክበት ነበር።

የመጀመሪያው ታላቅ ጉዞው በ1822 ተጀምሮ እስከ 1827 ቆየ። ሚካኤል ሃይ የሚባል የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ረዳቱ ነበር። በሲና፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ በኑብያና በኮርዶፋን ተዘዋወሩ። በዚያን ጊዜ ሐኪም ይዞ አደን መሄድ የተለመደ ነበር፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቆዳን ሳይበሱ ከሥጋ መለየት ስለት የለመደ እጅ ይጠይቃል። እኛ ክፍል ውስጥ ቁስል ማጽዳት ስንማር፣ መምህራችን ስለት በኃይል አይገፋም፣ ራሱ መንገዱን እንዲያገኝ ይመራል ብላ አሳይታናለች። ገፋፊም የሚለው ይህንኑ ነው።

ለእኛ ዋናው ግን ሁለተኛው ጉዞ ነው። ሩፔል በ1830 ከአውሮፓ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ቴዎዶር ኤርክል የሚባል ገና ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ወጣት አብሮት ነበር፤ በኋላ በፍራንክፈርት ሙዚየም የታወቀ በድን አቋሚ የሆነ ሰው ነው። የእኔ እኩያ መሆኑን ሳነብ ቆም አልኩ። ሁለቱ በቀይ ባሕር በኩል ምጽዋ ደረሱ። በ1832 ወደ ደጋው ወጡ፤ በትግራይ በኩል አልፈው፣ ተከዜን ተሻግረው፣ ሰሜን ተራሮችን አቋርጠው ጎንደር ገቡ። እስከ 1833 በአገሩ ቆዩ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። በ1831 በደብረ ዓባይ ጦርነት የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስና የየጁው ራስ ማርዬ ሁለቱም አልቀዋል። የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ግዛታቸውን ወደ ትግራይ እያሰፉ ነው። ጎንደር ላይ ንጉሥ አለ፣ ሥልጣኑ ግን የመሳፍንቱ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ቀረጥ በየበሩ ይጠየቃል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው በርሜትር፣ መነጽር፣ ማስታወሻ ደብተርና በበቅሎ የተጫነ ቆዳ ይዞ ይጓዛል።

አሁን ሥራውን ራሱን ላስረዳችሁ። የሩፔልን እያንዳንዱን ቀን እየተረክሁ አይደለም፤ ይህ ማንኛውም ሰው ዋልያን የሚያህል እንስሳ ከገደል ጫፍ እስከ ሙዚየም ለማድረስ የግድ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ ልኬት ነው። እንስሳው ሳይገፈፍ ርዝመቱ፣ ቁመቱ፣ የአንገቱና የደረቱ ዙሪያ፣ ከዓይን እስከ አፍንጫ ያለው ርቀት ይለካል። የዓይኑ ቀለም ይጻፋል፤ ዓይን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይደበዝዛልና። ለዚያ የግሪፕስሆልም አንበሳ ያልተደረገለት ይኼ ነው።

ቀጥሎ ስለት ነው። ቀንድ ያለው እንስሳ ቆዳው በጭንቅላቱ ላይ አይወልቅም፤ ቀንዱ ይይዘዋል። ስለዚህ ከማጅራት ተነሥቶ ወደ ሁለቱ ቀንዶች ሥር በሹካ ቅርጽ ይቀደዳል። አስቸጋሪው ፊት ነው። የዓይን ቆብ፣ ከንፈር፣ አፍንጫና ጆሮ ቀጭን ስለሆኑ ቀላል ይመስላሉ፤ ግን ቀድሞ የሚበሰብሰው እነሱ ናቸው። የከንፈሩ ውስጥ ይሰነጠቃል፣ የጆሮው ቆዳ ከነጠላ አጥንቱ ተለይቶ እንደ ካልሲ ይገለበጣል፣ ጨው እያንዳንዱ እጥፋት ውስጥ እንዲገባ። ሰነፍ ገፋፊ ሰፊውን ጀርባ ጨው አልብሶ ጆሮውን ይረሳል፤ ቆዳው ሲደርስ ጆሮ ላይ ፀጉር የለም።

ከዚያ መፋቅና ጨው ነው። ስብ የቀረበት ቦታ ጨው አይገባም። ጨው ከተነሰነሰ በኋላ ቆዳው ተጠቅልሎ ውኃው እንዲንጠባጠብ ዘንበል ተደርጎ ይቀመጣል፤ በማግስቱ የረጠበው ጨው ተራግፎ አዲስ ይደገማል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ያሰብኩት ነገር አለ። በዚያን ዘመን በአገራችን ጨው ገንዘብ ነበር። ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ከማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን ገበያ ላይ ይመነዘር ነበር። እዚያ አገር ትልቅ ቆዳ በጨው ማሸት ማለት ገንዘብን ደቁሶ መርጨት ማለት ነው። አያቴ ጨው ሲደፋ የምትቆጣው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል።

ከጨው በኋላ ማድረቅ ነው፤ ደጋው በክረምት ይህን አይፈቅድም። ሩፔልና ኤርክል የ1832ን ክረምት ያሳለፉት በደጋው ነው። ዝናቡና ጉሙ ያልደረቀ ቆዳ አይወዱም። እሳት ዳር ቢያስቀምጡት ስቡ ቀልጦ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ሌላው ፈተና ደግሞ መንገዱ ራሱ ነው። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርድ ተነሥቶ ወደ ምጽዋ ሙቀት የሚወርድ ቆዳ፣ ውስጡ እርጥበት ከቀረ ተራራው ላይ ደኅና መስሎ ባሕር ዳር ሲደርስ ይበሰብሳል። በዚህ ላይ ነቀዝና ብል አለ። ያን ጊዜ መድኃኒቱ አርሴኒክ ነበር። የሜትስ ከተማው ፈረንሳዊ ቤኮር በ18ኛው መቶ ዘመን የፈለሰፈው የአርሴኒክ ሳሙና በመላው አውሮፓ ተስፋፍቶ፣ የቆዳው ውስጥ በእሱ ይቀባ ነበር። ነፍሳቱን ይገድላል፤ የሚቀባውንም ሰው ቀስ በቀስ ይጎዳል። በዚህ ምክንያት ዛሬ የድሮ በድን የሚነኩ የሙዚየም ሠራተኞች እንደ እኛ ጓንት ያደርጋሉ።

እዚህ ስቶክሆልም ዩርጎርደን ላይ ጉስታፍ ኮልቶፍ በ1893 የከፈተውን የሥነ ሕይወት ሙዚየም ብታስቡ ልዩነቱ ይታያችኋል። ኮልቶፍ የሰሜን አውሮፓን እንስሳት በተሣለ መልክዓ ምድር ፊት ያቆመ ድንቅ ሰው ነው፤ ብዙዎቹን ግን ወደ ቤቱ በቶሎ ማድረስ ይችል ነበር። ለሩፔል በጎንደርና በፍራንክፈርት መካከል በረሃ፣ ቀይ ባሕር፣ ግብፅና ሜዲትራኒያን ነበሩ።

የመጨረሻው ሥራ ጽሑፍ ነው፤ የት፣ መቼ፣ ወንድ ወይስ ሴት፣ የአገሩ ሰው ምን ይለዋል። ወረቀት ያልታሰረበት ቆዳ ምንጣፍ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ሩፔልን እንድወደው ያደረገኝ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። በ1834 ወደ አውሮፓ ተመልሶ ከ1835 እስከ 1840 ስለ ኢትዮጵያ አከርካሪ እንስሳት የጻፈውን መጽሐፍ ሲያወጣ፣ እንስሳቱን በጀርመን መሳፍንት ስም አላጠመቃቸውም። ዋልያን ዋልያ አለው። ጭላዳን ሰዎቹ ሲጠሩት በሰማው ስም ጌላዳ አለው። ጉሬዛን ጉሬዛ አለው። ሦስቱም ስሞች ከ1835 ጀምሮ በሳይንስ መዝገብ ላይ አሉ፤ ቻይና ያለ ተመራማሪም ብራዚል ያለ ተማሪም ሲጽፍ የእኛን ቃል ይጽፋል። ቀይ ቀበሮንም በ1840 በሰሜን ተራሮች ስም ሰየመው። የጣና ዓሣዎችን ሲመዘግብም ለአንዳንዶቹ ከአገሩ የሰማቸውን ስሞች ሰጣቸው። ለወጣቱ ረዳቱም አልነፈገውም፤ አንዲት የደጋ ቆቅ እስከ ዛሬ በኤርክል ስም ትጠራለች።

ነገር ግን ከጎንደር የወጣው የአውሬ ቆዳ ብቻ አልነበረም። ሩፔል የግዕዝ ብራናዎችንም ሰብስቦ ይዞ ሄደ፤ ለፍራንክፈርት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሰጣቸው። ብራና ደግሞ ምንድነው? የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ሥጋው ተፍቆ፣ ፀጉሩ ተላጭቶ፣ ደርቆ፣ ተለስልሶ የተጻፈበት ቆዳ። ሩፔል ቆዳ ማቆየት ይችል ነበር ስንል፣ ከእሱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ቆዳን አቆይተው በላዩ ላይ ዳዊት የጻፉ ሰዎች አገር ውስጥ እየተመላለሰ እንደነበር አንርሳ። ቆዳ የሚያለፉትን ሰዎች ፋቂ ብሎ የናቀ ኅብረተሰብ፣ መጽሐፉን ግን ተሳልሞ የተቀበለ ኅብረተሰብ ነበር የእኛ። ይህን ስጽፍ ለጀርመናዊው የሰጠሁትን ክብር ለእነሱ ሰጥቼ አውቃለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አልሰጠሁም።

ቀሪው የሩፔል ሕይወት ረጅምና ጸጥ ያለ ነው። የጉዞ መጽሐፉን በሁለት ቅጽ ከ1838 እስከ 1840 አሳተመ። በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ያሳለፈው በአብዛኛው በፍራንክፈርት፣ በቆዳዎቹ፣ በዓሣዎቹና በጥንታዊ ሳንቲሞች መካከል ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 1884 በተወለደባት ከተማ ሲሞት 90 ዓመት አልፎት ነበር። ስሙን የያዘ አንድ የአፍሪካ ጥንብ አንሳ አለ፤ በ1973 በአቢጃን ሰማይ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ሲጋጭ ወደ 11,300 ሜትር ከፍታ ላይ እንደነበር ተመዝግቧል። ከፍ ብሎ ለመብረር ከእሱ የበለጠ ወፍ እስካሁን አልታወቀም።

ይህን ሁሉ ለአያቴ በስልክ ተረኩላት። የጠበቅሁት እንድትደነቅ ነበር። እሷ ግን ዋልያ ያለበትን ገደል ማን አሳየው ብላ ጠየቀችኝ። ገደሉን ማን ወረደ? ቆዳውን ማን ተሸከመ? ስሙን ማን ነገረው? መልስ አልነበረኝም። ቆቋ በኤርክል ስም ትጠራለች፤ መንገድ ባሳየው የሰሜን አዳኝ ስም የሚጠራ ወፍ ግን የለም። ደባርቅ ተወልዳ ያደገች ሴት ይህን የምትጠይቀው በቂም አይደለም። እሷ ዘንድ ሥራ ሲወራ ሠሪው በስሙ ይጠራል፤ ያ ደንቧ ነው።

ሁለቱንም ይዤ መኖር ተምሬአለሁ ብል ይሻላል። ሩፔል ብዙ እንስሳት እንዲገደሉ ምክንያት ሆኗል፤ ብራናዎቹንም ከአገር አውጥቷል። በሌላ በኩል ደግሞ ዋልያ ማለት ከሌላው የተለየ፣ ሌላ የትም የሌለ እንስሳ መሆኑ በዓለም ፊት የተመሰከረው እነዚያ ቆዳዎች ሳይበሰብሱ ስለደረሱ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ሲቋቋም፣ በ1978ም የዓለም ቅርስ ሲሆን ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ዋልያው ነበር። ፓርኩ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጣ። ዋልያው ዛሬም የቀረው በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። ሜዳ ላይ በደንብ ያልተያዘ ቆዳ እንደማይመለስ ሁሉ፣ ያለቀ ዘርም አይመለስም። በዚህ ጊዜ ጨው መነስነስ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ሕያዋኑን መጠበቅ ነው።

ለገና ሌላ የበግ ቆዳ አገኘሁ። በዚህ ጊዜ ከቄራ በመጣበት ሰዓት ዘረጋሁት። አንድ ሙሉ ምሽት ፋቅሁ፣ አባቴም ሳይሳቅብኝ ረዳኝ። ጨው ነሰነስኩ፣ በማግስቱ አራግፌ ደገምኩ፣ የብስክሌት ማቆሚያው ጣሪያ ሥር በጥላ ወጠርኩት። ፀጉሩን ስስበው አልመጣም። ሲደርቅ ከጫፉ ላይ ትንሽ ወረቀት አሰርኩ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ወንድ በግ መሆኑን ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ የፋቅነውን የአባቴንና የእኔን ስም፣ በመጨረሻም በስልክ ያስተማረችኝን የአያቴን ስም ጻፍኩ።

እናንተም በምትኖሩበት ከተማ ከአገራችን የመጣ ነገር ያለበት ሙዚየም ካለ አንድ ቀን ግቡና ወረቀቱን አንብቡት። የማን ስም እንዳለበት፣ የማን እንደሌለበት እዩና ለዚህ መጽሔት ጻፉልን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ፤ ለተፈታኞች ሁሉ መልካም ፈተና።